የጊሽጣ ቅጠልና «አሥር ሺህ እጥፍ» የተባለው ወሬ

ነጋዴ ወሬ ይወዳል። የሆሳዕና፣ የዱራሜና የሺንሺቾ ነጋዴም ከሌላው አይለይም። አንድ ዕቃ «መድኃኒት ነው» ከተባለ የደላላው እግር ይፈጥናል፣ ዋጋውም በአንድ ገበያ ቀን ይለዋወጣል። በዓለም ዙሪያ ለዓመታት ሲናፈስ ከኖረው ወሬ አንዱ የጊሽጣ ወገን የሆነውን፣ ፈረንጆች ሳወርሶፕ ወይም ግራቪዮላ የሚሉትን ባለ እሾክ ፍሬ ይመለከታል። «ካንሰርን ከኬሞቴራፒ አሥር ሺህ ጊዜ አብልጦ ይገድላል» ይባላል። ታዲያ ቅጠሉን አድርቆ፣ አሽጎ መሸጥ ያዋጣል?

ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዚሁ ፍሬ ዘር ካወጧቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ፣ በላብራቶሪ ሳህን ላይ ባደገ የአንጀት ካንሰር ሴል ላይ አድሪያማይሲን ከተባለው መድኃኒት አሥር ሺህ እጥፍ የበረታ ሆኖ አገኙት። አንድ ንጥረ ነገር፣ በአንድ ዓይነት ሴል ላይ፣ በሳህን ውስጥ። ሰው አልነበረበትም፤ የቅጠል ሻይም አልነበረበትም። ወሬው ግን ሳህኑን ትቶ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ወጣ።

አሠራሩ ይታወቃል። አሴቶጀኒን የሚባሉት እነዚህ ንጥረ ነገሮች ሴሉ ኃይል የሚያመርትበትን ክፍል ይዘጋሉ። ነዳጁ የተቋረጠበት ሴል ይሞታል። ችግሩ ነዳጅ የሚፈልገው የካንሰር ሴል ብቻ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በካሪቢያኗ ጓዴሎፕ ደሴት የሚሠሩ ሐኪሞች ያልተለመደ የፓርኪንሰን ዓይነት ሕመም ያለባቸው ሰዎች በብዛት መታየታቸውን ገለጹ፤ ከበሽተኞቹ ብዙዎቹ የዚህን ፍሬና የቅጠሉን ሻይ አዘውታሪዎች ነበሩ። በኋላም አኖናሲን የተባለው ንጥረ ነገር በአይጦች ላይ ሲሞከር የአንጎል ነርቭን ጎዳ። በደሴቲቱ ሰዎች ላይ መንስኤው ይኸው ስለመሆኑ የመጨረሻ ማረጋገጫ አልተገኘም። ይሁን እንጂ ቅጠሉን በየቀኑ አፍልታችሁ ጠጡ ብሎ ለሚሸጥ ሰው ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

በሰው ላይስ? ኢንዶኔዥያ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ዕጢ የወጣላቸው ሠላሳ ያህል የአንጀት ካንሰር ሕሙማን የተሳተፉበት አነስተኛ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። የቅጠሉን ጭማቂ የወሰዱት ሰዎች ደም በላብራቶሪ የካንሰር ሴልን በተሻለ መጉዳቱ ተዘግቧል። ዕድሜያቸው ስለመርዘሙ ግን ጥናቱ አልመለሰም። ከዚህ የዘለለ፣ ፍሬው ካንሰር ያድናል የሚያሰኝ አስተማማኝ ማስረጃ የለም።

ዕፅዋት መድኃኒት አይወጣቸውም ማለታችን አይደለም፤ የራሳችን አገር ምስክር ናት። ከኢትዮጵያ ከተወሰደ የአጣጥ ወገን ቁጥቋጦ ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካዊው ኩፕቻን ይፋ ሆነ። ለብቻው በሰው ላይ ሲሞከር መርዝነቱ ስለበዛ ተጣለ። ከ41 ዓመታት በኋላ፣ በ2013፣ ዘመዱ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣብቆ ካድሳይላ በሚል ስም ለጡት ካንሰር ሕክምና ተፈቀደ። ለባለሀብት ልብ የሚሰብረው ደግሞ ይኸ ነው፦ የመድኃኒቱ መነሻ ዛሬ የሚመረተው ከቁጥቋጦው ሳይሆን በፋብሪካ ከሚራባ ባክቴሪያ ነው። ቅጠል ያከማቸ ሰው ቢኖር ኖሮ ቅጠሉን ታቅፎ በቀረ ነበር።

ጣጣው በነጋዴው ኪሳራ ቢያበቃ እንኳ ባልከፋ። ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ በቆየው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወረፋው ምን ያህል እንደነበር ካንሰር ቤቱ የገባበት ሁሉ ያውቀዋል። ወረፋ የሰለቸው ሰው ቅጠል ቢሸጡለት ይገዛል፤ ዕጢው ግን ሻዩ እስኪያልቅ አይጠብቅም። በሕጉም በኩል የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፤ ያልተመዘገበን ነገር መድኃኒት ብሎ ገበያ ማውጣት ያስጠይቃል።

ፍሬውን በፍሬነቱ መነገድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ላይ ገንዘብ አለ ብለን እናምናለን። ጊሽጣ ጣፋጭ ነው፣ ለጭማቂ ቤት ይመቻል። ጠላቱ ጊዜ ነው። ከተለቀመ በኋላ በጥቂት ቀናት ይለሰልሳል፣ በጆንያ ተጭኖ በቡታጅራ በኩል አዲስ አበባ እስኪደርስም ይጨፈለቃል። ስለዚህ ጠንከር እንዳለ ለቅሞ በሣጥን መጫን፣ ወይም እዚያው ሆሳዕና ላይ ሥጋውን ከዘሩ ለይቶ ማቀዝቀዝ ይሻላል። ዘሩ መርዛማ ነው፤ ከጭማቂው ጋር መፈጨት የለበትም።