ቀበቶ ስትገዙ… ፈትታችሁ ሞክሩት!

እናንተዬ! ቀበቶ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚላችሁ ምንድነው? እኔን እንደሆነ ሱሪ አይደለም። የአባቴ እጅ ወደ ወገባቸው ሲሄድ ነው። ጥፋት ሠርቼ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ከደረሰ፣ አባዬ ምንም ሳይናገሩ ዓይን ዓይኔን እያዩ ቀበቷቸውን መፍታት ይጀምራሉ። እኔ ደግሞ ተስፋዬን የምጥለው በዘለበቱ ላይ ነበር። ቆዳው ወፍራም፣ ቀዳዳው ጠባብ ነው። እሳቸው ታግለው እስኪያላቅቁት ድረስ እኔ በሩን አልፌ፣ አጥሩን ዘልዬ፣ አክስቴ ቤት ገብቼ ቁጭ! ዘመኑ እንደዚያ ነበር፤ ዱላን ለማመስገን አይደለም ያነሳሁት።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. አባዬን ስትሮክ መታቸው። ፈጣሪ ይመስገን ተረፉ፤ ቀስ እያሉም መራመድ ጀመሩ። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ግን እንደ ድሮው አልታዘዝ አሉ። እኛም “ዋናው መትረፋቸው ነው” ብለን ተቀመጥን።

እየቆየ ሲሄድ አንድ ነገር ገረመን። ለቅሶ ሲባል “እናንተ ሂዱልኝ”፣ ዕድር ሲባል “ዛሬ ደክሞኛል” ማለት አበዙ። የግድ የሚወጡ ከሆነ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ውሃም ሻይም አይቀምሱም። ምክንያቱን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ያውም ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “ቀበቶው እኮ እምቢ እያላቸው ነው። ሰው ቤት ሽንት ቤት ገብተው ሳይፈቱት እንዳይቀሩ ፈርተው ነው” አለችኝ።

ምን ዋጋ አለው! ያንን ቀበቶ የገዛሁላቸው እኔ ነኝ። ከሆስፒታል ሲወጡ ደስ ይበላቸው ብዬ፣ ዘለበቱ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ ቀበቶ መርጬ ነበር። ሻጩ “ለሽማግሌ የሚሆን ክብር ያለው ቀበቶ” ሲለኝ አመንኩት። ማብረቅረቁን አየሁ፤ አፈታቱን አላየሁም። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ማለት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ የቀበቶን ነገር በቁም ነገር የያዝኩት። መርካቶ ሻጮችን አሰልችቻለሁ፣ ጫማ ሰፊ ዘንድ ተቀምጬ ጠይቄአለሁ፣ የተበጠሱ ቀበቶዎችን ሆድ ዕቃ ገልብጬ አይቻለሁ። “ለቀበቶ ይሄ ሁሉ?” ትሉኝ ይሆናል። በየቀኑ ከሌሊት ልብስ መልስ የምትታጠቁት ነገር እኮ ነው! እስቲ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ቆዳ ሁሉ ቆዳ አይደለም

በሬው አንድ ነው። ቆዳው ግን ፋብሪካ ገብቶ እንደ እንጀራ ድርብርብ ይሰነጠቃል። ጠጉሩ የበቀለበት የላይኛው ክፍል ጭረቱ የተጠላለፈ ስለሆነ ብርቱ ነው። የታችኛው ክፍል ግን ልል ነው። እሱም ቆዳ መባሉ አልቀረም፤ በላዩ ላይ ቀጭን ፕላስቲክ ይለበጥበትና ሲታይ የላይኛውን ይመስላል። ከሁሉም የሚብሰው ግን ፍርፋሪው ነው። የቆዳ ቁርጥራጭ ተፈጭቶ፣ በሙጫ ተለውሶ፣ ተጨምቆ ቀበቶ ይሆናል። ሻጩ “ቆዳ ነው” ብሎ ቢምልላችሁ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ግን ቆዳ መሆኑ ምን ሊረባችሁ? ጥቂት ወራት ሳይቆይ ቀዳዳው ዙሪያ ይሰነጠቅና እንደ ተላጠ ግድግዳ ይራገፋል።

ታዲያ እንዴት ይለያል? በላይተር አይደለም! አንዳንድ ሻጭ ላይተሩን ብልጭ አድርጎ “አየህ፣ አልተቃጠለም!” ይላል። ለቅጽበት ብልጭ ያለ እሳት ምንም አያሳይም። ሽታውም አያስተማምን፤ የቆዳ ሽታ ይረጫል። እናንተ ሦስት ነገር ብቻ አድርጉ፦

አንደኛ፣ ጠርዙን እዩ። ከአንድ ወፍራም ቆዳ የተቆረጠ ቀበቶ ጠርዙ አንድ ወጥ ነው። ላይና ታች ሁለት ስስ ቆዳ፣ መሐሉ ካርቶን የመሰለ ነገር ካያችሁ መልሱለት። ክሩ የተበላ ዕለት ቀበቶው እንደ ሳንዱች ይከፈታል።

ሁለተኛ፣ ቀዳዳውን እዩ። ሻጮች ጠርዙን ቀለም ይቀቡታል፤ የቀዳዳውን ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ይረሱታል። ውስጡ ጭረት ጭረት ካለ ደህና ነው። እንደ ወረቀት ከሆነ ወይም በጥፍር ስትነኩት ብናኝ ከወጣው አትንኩት።

ሦስተኛ፣ እጠፉት። ደህና ቆዳ ሲታጠፍ ጥቃቅን መጨማደድ ያሳያል፤ ሲለቁት ይመለሳል። የተለበጠው ግን ቀለሙ ይሰነጠቃል ወይም እንደ ላስቲክ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል።

ለዘወትር የሚሆን ቀበቶ ውፍረቱ ከ3 ነጥብ 5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ቆዳ ቢሆን ሸጋ ነው። መጀመሪያ ይደርቅባችኋል። አይዟችሁ፣ ወገባችሁን ይለምዳል።

ሸራና ናይሎንስ?

“ቀበቶ ማለት ቆዳ ነው” የምትሉ ፋራ ባትሆኑ ደስ ይለኛል። ጅንስ ለሚያዘወትርና ሥራው ጉልበት ለሚጠይቅ ሰው ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሸመነ ናይሎን ከብዙ ቆዳ ነኝ ባይ ይበልጣል። ላብና ዝናብ አያበሰብሰውም፣ ቀዳዳ ስለሌለው ቀዳዳው አይሰፋም፣ እንደ ልብ ይጠብቃል፣ ይላላል። ስትገዙ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደ ጎን ጠምዝዙት። እንደ ነጠላ ጥለት የሚልፈሰፈስ ከሆነ ሱሪ አይሸከምም። ጫፉ በእሳት ቀልጦ የተዘጋ መሆኑንም እዩ፤ ያልተዘጋ ጫፍ ይተረተራል። ድክመቱን ልንገራችሁ? ለሙሉ ልብስ አይሆንም። ሠርግ ላይ አድርጋችሁ ብትታዩ እኔ የለሁበትም።

ዋናው ጉዳይ፦ አፈታቱ

አሁን ወደ ዘለበቱ እንምጣ። የመኪና ወንበር ቀበቶ አንዲት ቁልፍ ስትጫኑ ይለቃችኋል። የአውሮፕላኑ ደግሞ መክደኛውን ብድግ ስታደርጉት ይፈታል። ሱሪያችን ላይ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ ያው የጥንቱ ነው፤ መሳብ፣ ዘንጉን ከቀዳዳ ማውጣት፣ ማንሸራተት። ጤነኛ እጅ ላለው ሰው ችግር የለውም። እንዲያውም የሚበላሽ ነገር ስለሌለው በዕድሜ የሚስተካከለው የለም። ቶሎ መፈታት ሲያስፈልግ ግን ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት አገኘሁ፤ ሦስቱንም በአባዬ ወገብ ላይ ሞከርኳቸው።

የመጀመሪያው እንደ ተማሪ ቦርሳ ማሰሪያ ግራና ቀኙን ጨመቅ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ የሚከፈተው ፕላስቲክ ነው። ቀላል ነው፣ አይዝግም። ብረት ስለሌለው የፍተሻ በር ላይ ላይጮህ ይችላል፤ ፈታሹ “አውልቅ” ካለ ግን ማውለቅ ነው። ስትገዙ ሁለቱም ክንፎች እኩል መመለሳቸውን እዩ። ሲጨመቅ የሚነጣ ፕላስቲክ ሊሰበር ቀጠሮ የያዘ ነው። አባዬ በግራ እጃቸው ለመክፈት ቻሉ። ለመቆለፍ ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል። “ፈትቼ ላልታጠቅ ነው እንዴ?” አሉ። ይሄም ቀረ።

ሁለተኛው የዚያው ወንድም፣ ግን ከብረት የተሠራ ነው። ታዋቂው “ኮብራ” የሚባለው፣ አውስትሪአልፒን የተባለው የኦስትሪያ ኩባንያ የሚሠራው ነው። ሁለቱን ጎኖች በአንድ ጊዜ ካልተጫኗቸው አይከፈትም፤ ክብደት ሲንጠለጠልበትም እንዲከፈት አይፈቅድም። ጎረምሶች ይወዱታል፤ እውነትም ጀግና ነው። ብዙ አስመሳይ ስላለው ግን ቅርጹን ብቻ አይታችሁ ጥንካሬውን አትመኑ። ሌላም አለ፤ የዘለበቱ ራስ ሰፊ ከሆነ ሱሪው ላይ ባሉት የቀበቶ ማስገቢያዎች አያልፍም። ሱሪ በቀየራችሁ ቁጥር መፍታትና መግጠም ሊሆንባችሁ ነው። ለአባዬ ደከም ላሉ ጣቶች ደግሞ ጭራሽ! ለደህንነት የተሠራ ነገር ለደካማ እጅ ወህኒ ቤት ይሆናል።

ሦስተኛው ቀዳዳ የሌለው፣ ከጀርባው ጥቃቅን ጥርስ የተደረደረበት ነው። ጫፉን ታስገቡታላችሁ፣ ትገፉታላችሁ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ይጠብቃል። ለመፍታት አንዲት ትንሽ ማንሻ መንካት ነው። በቀዳዳ ቀበቶ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው 2 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ይሄኛው ግን ከአንድ ሴንቲ ሜትር ባነሰ እርምጃ ይላላል፣ ይጠብቃል። ምሳ አብዝታችሁ ስትበሉ ትርጉሙ ይገባችኋል።

አባዬን ያስማማቸው ይሄኛው ነው። የደከመው እጅ ዘለበቱን ሆዳቸው ላይ ደገፍ ያደርጋል፤ ግራው ይገፋል። ለመፍታት ደግሞ አንድ ጣት ይበቃል። መጀመሪያ ማንሻው ለግራ እጃቸው አልመች ብሎ ነበር። ቀበቶውን በተቃራኒው በኩል አዙሬ ሳስገባው ተስተካከለ። እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውንም ጠይቁት፤ የየሰው እጅ ይለያያል።

እንከኑን አልደብቅም። ጥርሱ ፕላስቲክ ስለሆነ በጊዜ ብዛት ይበላል፤ አቧራም ይገባበታል። ደግሞ አብዛኛው ቆዳው ከላይ የነገርኳችሁ ፍርፋሪ ነው። ስለዚህ ዘለበቱ በብሎን የሚፈታውን ምረጡ፤ ቆዳው ሲያልቅ ቆዳውን ብቻ ትቀይራላችሁ።

ሱቁ ውስጥ ይሄን አድርጉ

ቀበቶውን በእጃችሁ አንጠልጥላችሁ አትመልሱት። ታጠቁት። ከዚያ በርጩማ ጠይቁና ተቀመጡ፤ ሆድ ሲወጠር ነው ዘለበት ጠባዩን የሚያሳየው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በአንድ እጅ ፍቱት፤ አምስቴ እሰሩት፣ አምስቴ ፍቱት። አንዴ ከተያዘባችሁ ሌላም ቀን ይይዛችኋል። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ! ከፋዩ እናንተ ናችሁ።

ልክም አለ። የቀዳዳ ቀበቶ ከሱሪያችሁ ወገብ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚበልጥ ሆኖ መሐለኛው ቀዳዳ ላይ መግጠም አለበት፤ ለመወፈርም ለመክሳትም ቦታ ይተርፋችኋል። ስፋቱ ለሙሉ ልብስ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ለጅንስ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ቀዳዳ መጨመር ካስፈለገ ክብ አድርጎ የሚቆርጥ መብሻ ያለው ጫማ ሰፊ ዘንድ ውሰዱት። በወስፌ ወይም በምስማር የተበሳ ቀዳዳ ይሰነጠቃል።

ከገዛችሁ በኋላም ማታ ማታ ከሱሪው አውጥታችሁ በዘለበቱ ስቀሉት። ከራሰ ጥላ ውስጥ ይድረቅ እንጂ ፀሐይ ላይ አታስጡት። አልፎ አልፎ ቀለም የሌለው የጫማ ቅባት ቀባ ብታደርጉት ይወዳችኋል።

ዋጋውን በተመለከተ ከራሴ ልነሳ። በየዓመቱ ርካሽ ቀበቶ እየገዛሁ ስጥል ስለኖርኩ፣ የአንድ ደህና ቀበቶ ዋጋ ከኪሴ ከወጣ ቆይቷል። ቀበቶው ግን ወገቤ ላይ የለም!

አባዬ ጋ ልመለስ። አዲሱን ቀበቶ ካሰሩ በኋላ ባለው እሁድ ዕድር ሄዱ። ከመውጣታቸው በፊት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጡ። እናቴ አየችኝ፣ እኔም አየኋት፤ ሁለታችንም ምንም አላልንም።

ማታ ሲመለሱ ሶፋው ላይ ተቀመጡና ማንሻዋን በጣታቸው ነካ አደረጓት። ጠቅ! ተፈታ። መልሰው አሰሩት። እንደገና ጠቅ! ከዚያ ቀና ብለው ከልጅነቴ ጀምሮ በማውቀው ዓይን አዩኝና፣

“ስማ አንተ፣ ይሄ ነገር ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ አንድ ቀንም አታመልጠኝም ነበር!” አሉኝ።