እርሳስ የሚያቀልጡበትን ድስት ሲያጸዱ ለራስዎና ለልጆችዎ ይጠንቀቁ

እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚቀልጥ ብረት ነው። ከሌሎች ብረቶች ጋር ሲነጻጸር ይህ ዝቅተኛ ሙቀት በመሆኑ የከሰል ምድጃ፣ የብረት ድስትና ጭልፋ ያለው ሰው ሁሉ ሊያቀልጠው ይችላል። በሀገራችን የመኪና ባትሪ የሚጠግኑ ባለሙያዎች በየዕለቱ ይሠሩበታል። በሌሎች ሀገራት ደግሞ የጥይት አረርና የዓሣ ማጥመጃ ማክበጃ በግቢያቸው የሚያቀልጡ ሰዎች አሉ። ስሙ ከምንጽፍበት እርሳስ ጋር አንድ ቢሆንም የሚገናኙት በስም ብቻ ነው። የመጻፊያው እርሳስ ጥቁር ክፍል ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ስለሆነ መርዝነት የለውም።

ባትሪ የሚጠግኑ ወይም እርሳስ የሚያቀልጥ የቤተሰብ አባል ያለዎት ከሆነ የዛሬው ጽሑፋችን በቀጥታ እርስዎን ይመለከታል።

አደጋው ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው የሚፈራው ከድስቱ የሚወጣውን ጭስ ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ቢሆንም ሙሉ አይደለም። እርሳስ ቀልጦ ወዲያው ብዙ ትነት አያወጣም፤ ከ500 ዲግሪ በላይ ሲግል ግን ትነቱ በፍጥነት ይጨምራል። በወናፍ የሚራገብ ከሰል ደግሞ ከዚህ በላይ ማጋል አያቅተውም።

ብዙም ትኩረት የማይሰጠው ከቀለጠው እርሳስ በላይ የሚንሳፈፈው ግራጫ አመድ ነው። ይህ አመድ ከአየር ጋር የተዋሐደ እርሳስ ሲሆን ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይልማል። ድስቱ ሲፋቅ፣ ሲራገፍ ወይም በአፍ እፍ ሲባል በአየር ይበተናል። በትንፋሽ ወደ ሳንባ ይገባል፤ በእጅ፣ በፀጉርና በልብስ ላይ ያርፋል። ስለዚህ እሳቱ ጠፍቶ ድስቱ የሚጸዳበት ሰዓት ከማቅለጡ ሰዓት ያላነሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት አያደርስም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይገልጻል። ወደ ሰውነት የገባ እርሳስ በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ለበርካታ ዓመታት ይከማቻል። በእርግዝና ወቅት ከአጥንት ተመልሶ ወደ ደም በመግባት ወደ ጽንሱ ሊያልፍ ይችላል። ሕጻናት ከዋጡት እርሳስ ውስጥ ሰውነታቸው የሚወስደው ከአዋቂዎች በአራትና በአምስት እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። አእምሯቸው ገና በማደግ ላይ ስለሆነም ትምህርት የመቀበልና የማስተዋል ችሎታቸው በዘላቂነት ይጎዳል።

በሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር አጠገብ በምትገኝ ቲያሮይ ሱር ሜር በተባለች ሰፈር የሆነው ለሁላችንም ትምህርት ነው። በአካባቢው ያገለገሉ ባትሪዎች ይፈታቱ ነበር፤ ነዋሪዎችም በእርሳስ የተበከለውን አፈር እየነፉ የእርሳስ ቅንጣት ይለቅሙ ነበር። እ.አ.አ ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባሉት ወራት 18 ሕጻናት ሞቱ። ልጆቹ እርሳስ አቅላጮች አልነበሩም፤ መርዙ ያገኛቸው በአፈሩና በአቧራው ነበር።

ድስቱ እንዴት ይጽዳ?

• ሥራውን ክፍት በሆነ ቦታ ያከናውኑ። ነፋሱ ከጀርባዎ ሳይሆን ከጎንዎ እንዲመጣ ይቁሙ። ከኩሽና፣ ከልጆች መጫወቻና ከውኃ ምንጭ ይራቁ።

• ግራጫውን አመድ ለማውጣት ድስቱ እስኪበርድ አይጠብቁ። እርሳሱ ገና ፈሳሽ ሳለ በደረቀ ጭልፋ በዝግታ ከላይ ይግፈፉና ክዳን ባለው ደረቅ የብረት ጣሳ ውስጥ ይጨምሩት። በጣሳው ላይ «መርዝ» ብለው ይጻፉ።

• ወደ ቀለጠ እርሳስ አንዲት የውኃ ጠብታ እንኳ አታስገቡ፤ ውኃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ የጋለውን እርሳስ ፊትዎ ላይ ይረጨዋል። እርጥብ ጭልፋ፣ ዝናብና ከግንባር የሚንጠባጠብ ላብም ያው ነው። የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የቆዳ ጓንትና ሽፍን ጫማ ያድርጉ።

• ድስቱ ፈጽሞ ሲበርድ ውጩንና ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። በደረቅ የሽቦ ብሩሽ አይፈትጉ፤ በኮምፕሬሰር አየርም አይንፉ። የድስቱ ውስጥ እስኪያብረቀርቅ መፋቅ አያስፈልግም፤ የሚቀረው ስስ ሽፋን ሥራዎን አይጎዳም፤ መፋቁ ግን ብናኝ ያስነሳል።

• ወለሉን በደረቁ አይጥረጉ። ውኃ ረጭተው በእርጥብ ጨርቅ ያጽዱ።

• የጨርቅ ወይም ተራ የሕክምና ጭምብል ይህን ብናኝ በሚገባ አያግደውም። ለብናኝ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ያለውና ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ጭምብል ይጠቀሙ።

• የባትሪ ፕሌት በቤት ውስጥ ወይም በግቢ አያቅልጡ። ፕሌቱ ላይ ያለው ልስን ሲሰበርም ሆነ ሲቃጠል ከፍተኛ የእርሳስ ብናኝና ጭስ ይለቃል።

• እርሳስ የቀለጠበት ድስት ወደ ምግብ ማብሰያነት አይመለስም። ለቁራሌው ሲሸጡም ለምን ያገለግል እንደነበር ይንገሩ።

ወደ ቤት ከመግባትዎ በፊት

በሥራ ቦታ አይብሉ፣ አያጭሱ፣ ጫትም አይቃሙ። እጅ ወደ አፍ በሄደ ቁጥር እርሳሱም አብሮ ይሄዳል። የሥራ ልብስና ጫማዎን እዚያው ቀይረው እጅዎንና ፊትዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ የሚቻል ከሆነም ገላዎን ይታጠቡ። ሮጦ የሚመጣውን ልጅ ማቀፍ ከዚህ በኋላ ይሁን። የሥራ ልብሱ ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አይዘፍዘፍ።

በብዙ ጋራዦች ወተት መጠጣት መርዙን ያጥባል የሚል እምነት አለ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ የገባውን እርሳስ ግን አያወጣም። እውነት የሆነው ሌላ ነው፦ ካልሲየምና ብረት የጎደለው ሰውነት እርሳስን የበለጠ ይወስዳል። በመሆኑም በተለይ ለልጆች የተመጣጠነ ምግብ ይጠቅማል፤ ጥንቃቄውን ግን አይተካም።

ምልክቶቹና ምርመራው

ድካም፣ ራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠትና ድርቀት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የደም ማነስና የደም ግፊት ከእርሳስ መመረዝ ጋር ሊመጡ ይችላሉ። ቁርጠቱ በቀላሉ «ጨጓራ ነው» ሊባል ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ሥራዎን ሳይጠየቁ ይናገሩ። ምልክት ሳይታይ መመረዝም ያጋጥማል፤ እርግጠኛ መሆን የሚቻለው በደም ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ ከተገኘ ምንጩ ተፈልጎ ተጋላጭነቱ እንዲቆም ይመክራል።

ከባድ መመረዝ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት አለው። ሆኖም ታካሚው ወደዚያው አቧራ ከተመለሰ መድኃኒቱ ብዙ አይረዳውም። ልጅዎ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ፣ ተደጋጋሚ ትውከት ወይም ከባድ ድብታ ካሳየ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ በቤት ውስጥ እርሳስ እንደሚቀልጥም ለሐኪሙ ይንገሩ።