በመኝታ ቤት የተጀመረ ምርምር

አንዲት የተማረች ሴት በብስክሌት ከገበሬ ቤት ገበሬ ቤት እየዞረች አውራ የረገጣት ዶሮ እንቁላል ስትፈልግ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? ኢጣሊያዊቷ ዶክተር ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ለጠየቃቸው ሁሉ እንቁላሉ ለልጆቻቸው እንደሆነ፣ እንዲህ ያለውም ይበልጥ ገንቢ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ልጅ ግን አልነበራቸውም። የፈለጉት የጫጩት ፅንስ ነርቭ እንዴት እንደሚያድግ ለመመርመር ነው።

ሪታ እ.ኤ.አ. በ1909 ከመንታ እህታቸው ከፓውላ ጋር በቶሪኖ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከፍተኛ ትምህርት ሴትን ከሚስትነትና ከእናትነት ተግባሯ ያዘናጋል የሚል እምነት ነበራቸው። (ይህ ክርክር ለብዙዎቻችን እንግዳ ነውን?) ሪታ አባታቸውን አሳምነው በ1936 በሕክምና ተመረቁ። ዳሩ ግን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው የሙሶሊኒ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 አይሁዶችን ከዩኒቨርሲቲ የሚያባርር ሕግ አወጣ። ሪታም አይሁዳዊት ነበሩና ሥራቸውን አጡ።

ታዲያ መኝታ ቤታቸውን ላቦራቶሪ አደረጉት። የልብስ ስፌት መርፌ ሞርደው ምላጭ አበጁ፤ የሰዓት ሠሪ ወረንጦና የዓይን ሐኪም መቀስ ጨመሩበት። እንደሳቸው የተባረሩት መምህራቸው ፕሮፌሰር ጁሴፔ ሌቪም መጥተው የቀድሞ ተማሪያቸው ረዳት ሆኑ። ቶሪኖ በቦምብ ስትደበደብ ሥራው ወደ ገጠር ተሸጋገረ። ፅንሱ ከወጣ በኋላ የተረፈው እንቁላል ለቤተሰቡ ይጠበስ ነበር፤ ወንድማቸው ጂኖ ከየት እንደመጣ ባወቁ ጊዜ ግን መብላቱን ተዉ።

የምርምሩ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ከጫጩት ፅንስ ላይ ሊበቅል የጀመረ እግር ወይም ክንፍ ቢቆረጥ፣ ወደዚያ የሚዘረጉት የነርቭ ሕዋሳት ይመናመናሉ። በአሜሪካ የነበሩት ሳይንቲስት ቪክቶር ሃምበርገር ሕዋሳቱ ቀድሞውንም ወደ ነርቭነት አይለወጡም ብለው ነበር። ሪታ ግን ይፈጠራሉ፣ ማደግም ይጀምራሉ፣ ኋላ የሚያኖራቸው ነገር አጥተው ይሞታሉ አሉ።

ሃምበርገር ጽሑፉን አንብበው አልተቀየሙም፤ ጸሐፊዋን ወደ ሴንት ሉዊስ ጋበዟቸው። በ1947 ለጥቂት ወራት ብለው የሄዱት ሪታ ሠላሳ ዓመት ያህል እዚያው ሠሩ። በ1952 ዕጢ ያለባቸውን ሁለት አይጦች በቦርሳ ይዘው በአውሮፕላን ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ በረሩ። እዚያ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ዕጢውን ከፅንስ ነርቭ አጠገብ ሲያኖሩት፣ ነርቩ እንደ ፀሐይ ጨረር ዙሪያውን ቅርንጫፍ አወጣ። ከዕጢው የሚወጣ አሳዳጊ ንጥረ ነገር ነበረ ማለት ነው። ስታንሊ ኮኸን የተባሉት የኬሚስትሪ ሊቅ ይህንኑ ንጥረ ነገር በእባብ መርዝ ውስጥ፣ ቀጥሎም በአይጥ የምራቅ ዕጢ ውስጥ አገኙት።

በ1986 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሃምበርገር አለመካፈላቸው ብዙዎችን አስከፍቷል፤ እኔንም ቅር ይለኛል።

ሪታ በ2012 በ103 ዓመታቸው አረፉ። አላገቡም። ከፓውላ ጋር በ1992 ያቋቋሙት ድርጅት ግን የአፍሪካ ሴቶችን አስተምሯል።