ያገናኘው ዘመን፣ የለያየው ዘመን

ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጻፍ የሚነሣ ደራሲ በቅድሚያ የሚያስጨንቀው ታሪኩ ነው። ማን ነገሠ፣ የት ተዋጉ፣ ምን ለበሱ እያለ ማስታወሻውን ይሞላል። ፍቅረኞቹ ኋላ ይመጣሉ። ሲመጡም በየትኛውም ዘመን ሊኖሩ የሚችሉ ሁለት ወጣቶች ይሆናሉ፤ የድሮ የሚሆነው ልብሳቸው ብቻ ነው። ከዚህ መዳኛውን የኛው ሥነ ጽሑፍ ከመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ጀምሮ አሳይቶናል።

በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለውን «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ አሳተሙ። ሥዕል የተማሩ፣ ናፖሊ ላይ አማርኛ ያስተማሩ፣ የሰዋስው መጽሐፍ ያዘጋጁ ሰው ነበሩ፤ አርአያ የሚያደርጉት የአማርኛ ልብ ወለድ ግን አልነበረም። በመጽሐፉ የባለ ታሪኳ የጦቢያ አባት በጦርነት ይማረካሉ። መንትያ ወንድሟ ዋሕድ ይጠፋል። እሷም እንደ ወንድ ለብሳ ፍለጋ ትወጣለች። ኋላ በቤተ መንግሥት አንዲት ወጣት ጦቢያን ወንድ መስላት የምታፈቅራት በዚህ ልብስ ምክንያት ነው። ጦርነቱ ባይኖር ልብሱ፣ ልብሱ ባይኖር ያ ፍቅር አይኖርም ነበር።

ሀዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያወጡ በአርበኝነት፣ በጣሊያን እስር ቤትና በዲፕሎማሲ ሥራ ያለፉ ሰው ነበሩ፤ ለረጅም ልብ ወለድ ግን አዲስ ነበሩ። ወደዚህ ዘርፍ የገቡት በሚያውቁት በር ነው፤ በጎጃም ባላገር ኑሮና በቤተ ክህነት ትምህርት። በዛብህን ልብ በሉ። ወላጆቹ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ተስለውለታል። በስእለቱ ምክንያት ይማራል። የተማረ በመሆኑም የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይጠራል፤ እዚያ ይዋደዳሉ። ወደ እሷ ያደረሰውም፣ እሷን እንዳያገባ የሚከለክለውም ያው ስእለት ነው። የፊታውራሪ የዘር ኩራት ደግሞ በላዩ ይጨመርበታል።

የዘርፉ ዋና ትምህርት ይህ ነው። ፍቅረኞቹን የሚያገናኛቸውና የሚለያያቸው አንድ ነገር ሲሆን፣ ያም ነገር የዘመኑ ሲሆን፣ ታሪክና ፍቅር አይነጣጠሉም።

ይህን በኬንያዋ ሞያሌ፣ ኦዳ ላይ ተቀምጦ ለሚጽፍ ሰው እናምጣው። ኢትዮጵያና እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1907 የተፈራረሙት የወሰን ስምምነት የቦረናን ምድር ለሁለት ከፍሎታል። ቡርጂዎችም በእርሻና በንግድ ወደ ሞያሌ መጥተዋል። እንግዲህ አንድ የቡርጂ ነጋዴ ልጅና አንዲት የቦረና ወጣት እናስብ። በድንበሩ ላይ ያደገችው የገበያ ከተማ ታገናኛቸዋለች። ቤተሰቧ ከብቱን ይዞ ውኃ ወዳለበት ሲዞር ደግሞ ያው ድንበር ማዶ ያስቀራታል።

ዘመኑን ለማወቅ ሽማግሌ ይጠይቁ፤ ዓመተ ምሕረት ግን አይጠይቁ። ቦረና ዘመኑን የሚያስታውሰው በየስምንት ዓመቱ በሚተካኩ አባ ገዳዎች ስም ነው። «በማን ገዳ ነበር?» ይበሉ፤ ዓመቱን ኋላ ያሰሉታል። ከጦርነቱ አስቀድመውም የዕለት ኑሮውን ይጠይቁ። በጥልቁ የውኃ ጕድጓድ ውስጥ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀብሉ ማን ከማን በላይ ይቆማል? ከብቱ ተራ እስኪደርሰው ሴቶች የት ይቆያሉ? ሁለት ወጣቶች ሰው ሳይሰማቸው መነጋገር የሚችሉት የት ነው? አንድ ትዕይንት የሚጻፈው በእነዚህ መልሶች ነው።

መጀመሪያውን ምዕራፍ ከመጻፍዎ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን በወረቀት ላይ ይመልሱ፤ ምን አገናኛቸው? ምን ለያያቸው? ሁለቱ መልሶች የማይገናኙ ከሆነ ጠይቀው አልጨረሱምና ወደ ሽማግሌዎቹ ይመለሱ። መልሱ አንድ ከሆነ ግን ዘርፉ ለእርስዎ እንግዳ መሆኑ አያስፈራዎ፤ መጻፍ ይጀምሩ።