ታድሳ የወጣች ቮልስና የመጀመሪያ ወራቷ ችግር

አሮጌ መኪና ያሳደሰ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠብቃል፤ ይኸውም ሒሳቡን ከፍሎ ቁልፉን ሲረከብ መኪናይቱ እንደ አዲስ ትሄዳለች ብሎ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ታድሳ የወጣች መኪና ከአዲሷም ከአሮጌዋም የተለየች ሦስተኛ ዐይነት ናት፤ ግማሽ አካሏ የትናንት፣ ግማሹ የዛሬ ስለ ሆነ ሁለቱ እስኪለማመዱ ድረስ ጥቂት ወራት ያልፋሉ።

ይህን ለማስረዳት ከቮልስዋገን፣ ማለት ሕዝቡ በአጭሩ ቮልስ ከሚላት፣ የተሻለ ምሳሌ በአገራችን አይገኝም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህችው ትንሽ መኪና ነበር። ፋብሪካው ከ21 ሚሊዮን በላይ ከሠራ በኋላ የመጨረሻይቱን በሜክሲኮ አገር በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. አወጣ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ በየግቢው ጥግ በሸራ ተሸፍና የከረመችውን ቮልስ እንደገና በደግ ዐይን የሚያያት ሰው አልጠፋም።

በጳውሎስ ሰፈር እኛ ጋሼ የምንላቸው አንድ ጡረተኛ ጎረቤት አሉ። ቮልሳቸውን አሳድሰው ባወጡ በሦስተኛው ሳምንት ቤተ ሰቡ ለሁለት ተከፈለ። ልጆቻቸው «ይህች መኪና ገንዘብዎን ትበላለች እንጂ አታገለግልም፤ ይሽጧት» ይላሉ። እሳቸው ደግሞ «እናታችሁን ለሐኪም ቀጠሮ የማመላልሰው በምንድር ነው?» ይላሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ፍርዱን መስጠት ያለበት ግን የችግሮቹ ብዛት ሳይሆን ዐይነታቸው ነው። አንዳንዱ በትዕግሥት የሚያልፍ ነው፤ አንዳንዱ በግማሽ ቀን ሥራ የሚድን ነው፤ ሁለቱ ግን ሰው የሚገድሉ ናቸው።

ከሞተሩ እንጀምር። አዲስ ፒስቶንና ፋሻ የገባለት ሞተር ብረቱ ከብረት ጋር እስኪላመድ ድረስ ዘይት ይጠጣል፣ ይሞቃል፣ ጉልበትም ያንሰዋል። መካኒኮቻችን ይህን ጊዜ ሮዳጅ ይሉታል። የቮልስ ሞተር የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ ከፋብሪካ ስትወጣም የሽቦ ወንፊት እንጂ የዘይት ፊልትሮ የላትም። ስለዚህ ከአዲሱ ብረት የሚረግፈው ብናኝ የሚወጣው ዘይቱ ሲለወጥ ነው። የመጀመሪያው ለውጥ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆን፣ በዚያው ቀንም የቫልቮላዎቹ ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር ቢለካ መልካም ነው። የሦስተኛውን ሲሊንደር በተለይ ልብ ይሏል። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው ከነፋሱ መንገድ ላይ ስለ ተቀመጠ ይህ ሲሊንደር ከጓደኞቹ ይልቅ ይሞቃል፤ ቫልቮላ የሚቃጠለውም ብዙ ጊዜ በእርሱ ላይ ነው።

ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ይህ ለእኛ ከተማ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ 34 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ የሚሰጠው ሃያ ስድስት ያህሉን ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚያቀዘቅዘውም ኃይል ይሳሳል። ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ካርቡራቶር ደግሞ ለባሕር ዳርቻ አየር የተለካ ነውና ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላዎቹ ጥላሸት ይለብሳሉ፣ መኪናይቱም ወደ እንጦጦ አቀበት ስትነሣ ታስላለች። ባለቤቱ «ሞተሩ ተበላሸ» ይላል። የተበላሸ ነገር የለም፤ ቤንዚን የምታሳልፈው ቀዳዳዋ ትንሽ ናስ በሌላ ጠበብ ባለች ትለወጥ። ከመጠን በላይ ብትጠብ ግን ሞተሩ ይነዳል።

በአቀበት ላይ ቤንዚን ለመቆጠብ ሲሉ በከፍተኛ ማርሽ የሚያለቅሱባት ሰዎች ሞተሯን በገዛ እጃቸው ይጠብሳሉ። ማራገቢያው የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ነውና ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ማስሮጥ ያቀዘቅዘዋል። ማራገቢያውንና ዲናሞውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ፣ ማለት የላስቲክ ቀበቶ፣ ነው። ቀዩ መብራት ከበራ ባትሪው ብቻ ሳይሆን ነፋሱም ቆሞ ሊሆን ይችላልና ወዲያውኑ ማጥፋት ያስፈልጋል። መለዋወጫ ቺንጋ፣ አንድ 21 ቁጥር ቁልፍና አንድ ካቻቢቴ ከወንበር ሥር ይቀመጡ።

በእድሳት ጊዜ ብዙ የሚጣል ነገር ደግሞ በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና ላስቲኮች ናቸው። ለውበት አይጠቅሙምና ሠራተኛው ይተዋቸዋል። ሥራቸው ግን ከሥር የሚወጣው የጋለ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይገባ መከልከል ነው።

የመብራት ችግር የሚያስቅ ምክንያት አለው። አሮጌዎቹ ቮልሶች የ6 ቮልት ናቸው፤ እንዲያውም መብራታቸው ደካማ ነው። ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በመኪናይቱ አካል በኩል ሲሆን፣ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። እንግዲህ ቀለም ቀቢው በተራቀቀ ቁጥር መብራቱ ይደክማል! ሽቦው አካሉን በሚነካበት ቦታ፣ ጋራዥ ማሳ በሚሉት፣ ቀለሙን ፍቆ ብረቱን ማስገኘት ይበቃል።

አሁን ወደ ሁለቱ ገዳዮች እንምጣ።

አንደኛው የቤንዚን ጎማ ነው። በቮልስ የቤንዚኑ ጎማ የሚያልፈው ከጋለው ሞተር አጠገብ ነው። መኪናይቱ ሃያ ዓመት ስትቆም ጎማው ውስጡ ይደርቃል፣ ውጪው ግን ደህና ይመስላል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ ኤታኖል ይደባለቅ ነበር፤ ኤታኖልም የድሮ ላስቲክን ይበላል። በቀለም ብዙ ሺሕ ብር ያወጣ ሰው በአንድ ክንድ ጎማ ሲሠሥት ማየት ያስገርማል። በመኪናይቱ ውስጥ የቤንዚን ሽታ ከመጣ ነገ አይባልም።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። ከጳውሎስ ተነሥቶ ወደ መርካቶ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ያንብበው። ከ1960 ዓ.ም. በፊት ከተሠሩት ቮልሶች አብዛኞቹ የፍሬን ዘይታቸው ለአራቱም ጎማ አንድ መሥመር ነው፤ አንዱ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም አብረው ይጠፋሉ። አዲስ የፍሬን ሸራ ከአሮጌ ታምቡር ጋር ሲገጠም መጀመሪያ የሚነካካው በጥቂት ቦታ ብቻ ስለ ሆነ ፔዳሉ ጠልቆ ይወርዳል። ቮልስ ደግሞ ሸራዋን ራሷ አታስተካክልም፤ በየጎማው በእጅ መጠጋት አለበት። መኪናይቱ ወደ አንድ ወገን ከሳበች የዚያ ወገን ወይም የሌላው ቱቦ ውስጡ አብጦ ዘይቱን ይዞት ይሆናል። የፍሬን ዘይትም ከአየር ላይ ውኃ ይስባልና፣ ለዓመታት የቆየው በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላል፤ በዚያን ጊዜ ፔዳሉ ወደ ወለሉ ይሰምጣል። ፖምፓው፣ ቱቦዎቹና ዘይቱ ባንድነት አዲስ ይሁኑ፤ ቁልቁለቱም በሁለተኛ ማርሽ ይወረድ።

መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ የሚሄድ አሮጌውን ዕቃ በእጁ ይዞ ይሂድ፤ የሞዴሉን ዓመት ብቻ መናገር አይበቃም፤ በእነዚህ መኪናዎች ላይ የሦስት ዓመተ ምሕረት ዕቃ ተቀላቅሎ ይገኛልና። የጋሼ ቮልስ የፊት ታምቡሮች አንዱ ከሌላው ጋር አይመሳሰሉም ነበር። ይህ ከተገኘና ከተለወጠ በኋላ ወደ ቀኝ መሳቧን ተወች፤ ዘይት መጠጣቷ ግን እስካሁን አልቀረም፤ ልጆቻቸውም ገና አልታረቋትም።