የከሲታው ስኳር

አምበር ላይ ከረጅም ጊዜ በኋላ ብቅ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ወፍረሃል፣ ተመችቶሃል» የሚል ነው። ሙገሳ ነው እንጂ ስድብ አይደለም። «ምነው ከሳህ?» ከተባለ ግን ጠያቂው ሐዘን ወይ በሽታ አስቧል። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች የአነደድ ወረዳ ከተማ ስብን የምታየው እንደ ስንቅ ነው።

ሳይንሱም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ከዚህ ብዙ አልራቀም። ስብ ለክፉ ቀን የተቀመጠ እህል፣ ሰውነት ደግሞ ጎተራው ነበር። በ1994 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ፍሪድማን ከባልደረቦቹ ጋር ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን የሚሠራውን ዘረ መል ሲያገኝ ጎተራው አፍ እንዳለው ታወቀ። ስብ ያመነጨው ሌፕቲን በደም ተጉዞ ለአንጎል «እህል አለ» ይላል። ስብ ሲበዛ ድምፁ ይጎላል፣ ሲመነምን ይደክማል። ጾም ሲበረታማ ሰውየው ገና ሳይከሳ ሌፕቲኑ ቀድሞ ይወርዳል።

ወሬው ስለ ረሃብ ብቻም አይደለም። አዲስ ነገር የምንይዝበት ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል የሌፕቲን መቀበያ አለው። ፍራሚንግሃም በምትባል የአሜሪካ ከተማ አማካይ ዕድሜያቸው 79 የሆነ 785 ሰዎች ሌፕቲናቸው ተለክቶ ለዓመታት ታዩ። ሌፕቲናቸው ከፍ ካለው መካከል በመርሳት በሽታ የተያዙት በቁጥር ያነሱ ሆነው ተገኙ። «እንግዲያው መወፈር ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ነገሩ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። 2ኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ወፍራም ሰው ደሙ ሌፕቲን ሞልቶ ሳለ አንጎሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ኢንሱሊን እንዲሠራ የሚያግዘው ሌላው የስብ ሆርሞን አዲፖኔክቲን ደግሞ ስብ በበዛ ቁጥር ያንሳል። ስኳር ያለበት ሰው በእርጅናው ለመርሳት በሽታ ይበልጥ የሚጋለጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን እንደማይቀር ይታሰባል።

ይህ ሁሉ ግን የወፍራም ሰው ታሪክ ነው። ጎንደር ላይ ሽታዬ አለሙ፣ ኤልድሪድ ፓሪና ባልደረቦቻቸው አጥንተው በ2009 «ዲያቤቶሎጂያ» መጽሔት ላይ ያወጡት ሌላ ሰው ያሳየናል። ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ከእጅ ወደ አፍ የሚያርስ፣ ትምህርት ያልደረሰው፣ ንጹሕ ውኃ የሌለው ድኻ ነው። በቁመቱም በትከሻው ስፋትም ከጤነኛው እኩያው ያንሳል፤ በልጅነቱ መራቡን አጥንቱ ይናገራል።

ለዚህ ሰው በሽታ ስም ማግኘት እንኳ ቀላል አልነበረም። በ1955 ጃማይካ ላይ ተገለጸ። በ1985 የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር ብሎ መዘገበው፣ በ1999 መልሶ ሰረዘው። በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ «5ኛው ዓይነት» ብሎ አነሣው። እኔን ከጠየቃችሁኝ እነዚያ 26 ዓመታት ርካሽ አልነበሩም። ስም የሌለው በሽታ በጀትም ተመራማሪም አይጎበኘውም።

የከሲታው አንጎል እንደ ወፍራሙ አልደነቆረም፤ የጠፋው ተናጋሪው ነው። ስብ ከሌለ ሌፕቲኑም ትንሽ ነው። «ክብደት ቀንሱ» የሚለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ምክር እሱን አይመለከትም።

ለአንጎሉ ቅርብ የሆነው አደጋ ግን ከኢንሱሊኑ ጋር ይመጣል። ማቀዝቀዣ የሌለው ገበሬ ኢንሱሊኑን በእርጥብ አሸዋ መሐል በሸክላ ዕቃ አድርጎ፣ ከቤቱ ጥላ ያለበት ጥግ ያስቀምጣል። ጠዋት ተወግቶ በሬዎቹን እየነዳ ይወጣል። ምሳው ከዘገየ «ስኳሩ ወረደ» ነው፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ቃል መጥፋት፣ ከዚያ ትልሙ ላይ መውደቅ። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ይበላል፣ ምግቡም በአብዛኛው ስኳር ነው። ክፉኛ እየወረደ የሚመላለስ ስኳር ከመርሳት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ በአዛውንቶች ላይ ታይቷል። ኪስ ውስጥ የምትያዘው ከረሜላ እንግዲህ የአንጎል መድኃኒት ናት ማለት ነው።

ጤና ጣቢያ ሲመጣ ሚዛን ላይ ያወጡታል። ጫማውን ያወልቃል፣ ጋቢውን ግን አውልቅ ካልተባለ አያወልቅም። ነርሷ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ስትጽፍ አንገቱን ያሰግጋል።

«ጨመርኩ ወይ?»