ማማን ሐኪም በስልክ ሲያያቸው የእኛ ድርሻ እስከ የት ነው?

እህቶች፣ ሪያድ በምሠራበት ቤት የማዳም እናት አሉ፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። የሐኪም ቀጠሯቸው ብዙ ጊዜ በስልክ ቪዲዮ ነው። ልጆቻቸው ሥራ ስለሚውሉ አጠገባቸው የምገኘው እኔ ነኝ። ብዙዎቻችሁም እንደዚሁ ናችሁ።

ሳውዲ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀጠሮ የሚያዘው የጤና ሚኒስቴር «ሰሐቲ» በሚባለው አፕ ነው። ለመግባት የማማ መታወቂያ ቁጥርና ማረጋገጫ ይጠይቃል። ይህን ልጆቻቸው ያድርጉት። ማረጋገጫው ሌሎች የመንግሥት አገልግሎቶችንም ስለሚከፍት እናንተ ስልክ ላይ አይሁን። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር መጀመሪያ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

ከቀጠሮው በፊት እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦

• ማማ 5 ደቂቃ ተቀምጠው ካረፉ በኋላ፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ አሳርፌ ግፊታቸውን እለካለሁ። ቁጥሩን ከነሰዓቱ እጽፋለሁ።
• የመድኃኒቶቹን ካርቶኖች በሙሉ አጠገቤ አስቀምጣለሁ።
• ቴሌቪዥን አጠፋለሁ፤ መብራቱ ፊታቸው ላይ እንዲሆን አደርጋለሁ።

ሐኪሙ ሲጠይቅ ማማ ራሳቸው ይመልሱ። እናንተ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፦ «ሌሊት ዶኻ ነበራቸው»፣ «እራት አልበሉም»። ከራሳችሁ በሽታ አትገምቱ።

መድኃኒት ከተቀየረ ደግማችሁ ጠይቁ፦ «ገብል አክል» ከምግብ በፊት፣ «ባዕድ አክል» ከምግብ በኋላ ነው። ከዚያ ልጃቸው መጠኑንና ሰዓቱን በዋትስአፕ ጽፋ ትላክላችሁ። መልእክቱን አታጥፉት፤ ማስረጃችሁ ነው። ኢንሱሊን መውጋት ካልተማራችሁ «አልተማርኩም፣ አልወጋም» በሉ። ይሄ እምቢተኝነት አይደለም፤ የማማንም የእናንተንም ሕይወት መጠበቅ ነው።

ፊታቸው በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ፣ ንግግራቸው ከተሳሰረ ወይም ደረታቸውን አጥብቆ ካመማቸው ቀጠሮ አትጠብቁ። ወዲያው አምቡላንስ 997 ደውሉ፤ ልጆቻቸውን ከዚያ ንገሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችን፦ ሰሐቲ ኢቃማ ላላት ሠራተኛም ይሠራል። በራሳችሁ ኢቃማና በራሳችሁ ስልክ ተመዝገቡ። የጤና ሚኒስቴር 937 መስመርም ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው። የማማን ቀጠሮ የምናስታውሰውን ያህል የራሳችንንም ሕመም አንርሳው።